ስምንተኛው ጉድጓድ

ቤር ሼቫ፣ አሮጌው ከተማ፣ ከጎማ ጥገናው በላይ
ሁለት ኮምፒውተር፣ የሚያንኮራፋ ማራገቢያ፣ ሰማይ
የማይታይበት መስኮት አለን፣ እኔና ጀጃው ተካፍለን።
ሦስት ዓመት አንድ ጨዋታ ሠራን፣ ኪራይ እየከፈልን።
ስሙን «ሰባት ጉድጓድ» አልነው፣ ከከተማዋ ተውሰን፤
ሁለት ሰው ገመድ ይስባል፣ ሁለት ጣት እያፈራረቀ፣
ውሃው ቀድሞ የወጣለት ረታ፤ ጨዋታው አለቀ።

እኩለ ሌሊት ላይ ተራ የሚጠብቀው ሲቆጠር
ሠላሳ አንድ ነው። በደጉ ቀንም ከዚያ የበለጠ አልነበር።
ትልልቆቹ ሚሊዮን ሰው በወንፊት ይነፋሉ፣
አቻን ካቻው፣ ልክን ከልኩ ያጋጥማሉ።
እኔ ግን እንደ ሽማግሌ፣ እንደ ድሮው የጋብቻ፣
ሰባት ቤት ልቁጠር ብል ማን ይተርፋል? ጥላዬ ብቻ።
ጀማሪውን ካንበሳው ባጋጥመው በሁለት ደቂቃ ይዋረዳል፤
አቻው እስኪመጣ ባስጠብቀው ክቧ ትዞራለች፣ ልቡ ይሄዳል።

ከዚያ ሌባ መጣ። ገመድ ሳቢ ፕሮግራም ጽፎ፣
ሰው መስሎ፣ ሰባቱን ጉድጓድ በአንድ ትንፋሽ ጠርጎ አልፎ።
ጀጃው ዘበኛ ጻፈለት፤ ሦስት ሳምንት አልተኛም።
«የሰው ጣት ይደክማል» አለ፣ «አንድ ዓይነት ምት አይመታም።
ምቱ እንደ ሰዓት ከሄደ፣ ሰው አይደለም፤ አለቀ፣ በቃ።»
ዘበኛውም በር ዘጋ፤ ሳይተኛ፣ ሳይነቃ።

ዓርብ ጠዋት ዘጠኝ ሰው ታገደ። ደስ አለን። ዳቦ ቆረስን።
እሑድ ከየሩሐም ደብዳቤ መጣ። አንብበን ዝም አልን።

«ኦፊር እባላለሁ። ከሞተር ሳይክሉ አደጋ ወዲህ
የምታዘኝ አንዲት ጣት ናት።
ጨዋታችሁን ፈትቼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጉድጓድ ጨመርኩበት፣
ስምንተኛ፤ አንድ ጣት ሲነካው ውሃ የሚወጣበት።
ምቱን ፕሮግራሙ ይመታል፣ ሰዓቱን የምመርጠው እኔ ነኝ።
አሁን ‹ሰው አይደለህም› ይለኛል። ማንን ልጥራ? ማን ይመስክርልኝ?»

አባቴ ትዝ አለኝ። በመጣ በዓመቱ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣
በዕድሜው በሰንበት እሳት ነክቶ የማያውቅ ሰው፣
ይሁዲነትህን አስረዳ ተባለ።
ማታ ጫማውን እያወለቀ፣
«ለጠያቂ መልስ አለኝ፤ ለተጠራጣሪ ምን አለኝ?» አለ።

ጀጃው ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ እሱን ብትከፍቺለት፣
ነገ ሌባው በዚያው ይገባል፣ የልጁን ፋይል ለብሶበት።»
እውነቱን ነው።
«ሌላ ሰልፍ እናውጣላቸው?» አልኩት።
ሠላሳ አንዱን ከፈልነው፤ ዐሥራ ስድስትና ዐሥራ አምስት፤
ሊነጋጋ ሲል ደግሞ አንድ በዚህ፣ በዚያ ሦስት።
ኩሬ ለሁለት ቢከፈል ሁለት ጭቃ ነው የሚተርፍ።

ከተማዋ የመሐላ ጉድጓድም ትባላለች። እኛም መሐላ አስገባን፦
ጨዋታውን የነካካ፣ ምን እንደነካ በደጁ ይጻፍ፤
ተጋጣሚው አይቶ ይግባ፣ ካልፈለገ አይቶ ይለፍ።
ዘበኛው የተጻፈውን ትቶ የተደበቀውን ያስስ።
ሌባውም ጻፈ፤ ዋሽቶ። አገድነው። በሌላ ስም መጣ።
ደግሞ አገድነው። ይኸው እስካሁን እንዲሁ ነን።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጎማ ቤቱ ጨልሞ፣
ተራ ጠባቂ፦ አንድ። የሩሐም። ክቧ ትዞራለች።
ያለ አቻ፣ ያለ እኩያ፣ ትዞራለች።
ወንበሬን ሳብኩና ገባሁ፣ ሠርቼ የማልችልበትን ጨዋታ።
ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ ቆምን፤
እሱ በአንድ ጣት፣ እኔ በዐሥር።
ሦስት ለባዶ ረታኝ። አራት ለባዶ።
ባልዲዬ ከግድግዳው ሲላተም፣ ሲላተም፣
መልእክት ብቅ አለች፦
«እንዲህ የሚሸነፍ አላየሁም። ሰው ነህ?»

ጣቶቼን ከቁልፎቹ አነሣሁ። ምን ላስረዳው?
«ድገመኝ» ብዬ ጻፍኩለት።